ተቀምጠው የሚነዱት ሄሊኮፕተር፦ ሃይድሮሊክ መሪ ያለው ይሻላል ወይስ በእጅ ማንሻ የሚዞረው?

ሊሾ_ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። የወለል ስራ ሰብ ኮንትራት ነው የምሰራው፣ ሁለት በእጅ የሚገፉ የኮንክሪት ማለስለሻ ሄሊኮፕተሮች አሉኝ፣ አንዱ 90 ሳንቲም አንዱ 1 ሜትር ከ20። እስካሁን ጋራዥ፣ ምድር ቤት፣ ትንንሽ መጋዘን ነው የሰራሁት እዚያ ላይ አልታማም። አሁን ግን ገላን አካባቢ 6 ሺ ካሬ የመጋዘን ወለል ሊሰጠኝ ነው፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲም፣ ላዩ ላይ ሃርደነር (ፊቱን የሚያጠነክር ዱቄት) የሚበተንበት፣ አማካሪው ደግሞ ፊቴን ካላየሁበት አልፈርምም የሚል አይነት ሰው ነው። በነዚህ ሁለት ማሽኖች እንደማልወጣው ገብቶኛል። ባለፈው 300 ካሬ ሞልተን ልጆቹ ሲገፉ አድረው ጠዋት ላይ አንዱ የሻይ ብርጭቆ መያዝ አቅቶት እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አፈርኩ።

እና ያገለገለ ተቀምጠህ የምትነዳውን አይነት ልገዛ አስቤ ሁለት አገኘሁ። አንደኛው መንትያ ሮተር (ጎን ለጎን ሁለት ተሽከርካሪ ክንፍ) ያለው፣ በሁለት ረጃጅም ማንሻ የሚዞር። ሁለተኛው ሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚዞር) ነው ጆይስቲክ ያለው፣ በሁለት ጣት ነው እንደ ጌም የምታንቀሳቅሰው። የዋጋቸው ልዩነት ግን አንድ ያገለገለ ባጃጅ ይገዛል። የነዳችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ ሃይድሮሊኩ ገንዘቡን ይመልሳል ወይስ ቅንጦት ነው? እዚህ አገር ሲበላሽስ ማን ይሰራዋል?

ዝምብሎ_አንባቢ
ርዕሱን አይቼ አየር ሃይል ማሽን የሚሸጥ መስሎኝ እየሮጥኩ ገባሁ ሃሃሃ። ለማያውቅ ሰው፣ ሄሊኮፕተር የሚሉት ኮንክሪት ማለስለሻዋን ነው፣ ከስር የምትሽከረከር ክንፍ ስላላት።

ጋሽ_ፍራታሶ
ልጄ እኔ የጀመርኩት ሄሊኮፕተር የሚባል ነገር ሳይኖር ነው፣ ጉልበታችን ላይ ጆንያ አስረን በፍራታሶና በካዙላ ሊሾ ስንሰራ። ስለዚህ ምክሬን ከሽማግሌ ውሰደው። ማንሻ ያለውን ግዛ። ለምን ቢሉ ብረት ነው። ቢጣመም በያጅ ጋ ወስደህ ታቃናዋለህ፣ ቡሹ ቢያልቅ ቶርኖ ቤት ታስቆርጣለህ። ሃይድሮሊክ ግን አንድ ቀን እምቢ ያለህ እንደሆነ ኮንክሪቱ አይጠብቅህም። 100 ሜትር ኪዩብ ሞልተህ ማሽኑ መሃል ላይ ቢቆም ምን ልትሆን ነው? ይሄን አይቻለሁ። የአንድ ትልቅ ሳይት ወለል ነው ስሙን አልጠራም፣ ማሽኑ ቆመ መካኒኩ ከከተማ እስኪመጣ ወለሉ ድንጋይ ሆኖ ጠበቀው፣ ከዚያ ሶስት ሳምንት ሙሉ በግራይንደር ሲፈጩት ከረሙ።

ዳላስ_ነኝ
ጋሼ ያሉት ከባድ እውነት አለው ግን ሌላውንም ጎን ልናገር። ዳላስ ነው የምሰራው፣ ስራዬ ኮንክሪት ጨራሽነት ነው፣ የመጋዘን ወለል በየሳምንቱ እንሞላለን፣ ሁለቱንም አይነት ነድቻለሁ።

መጀመሪያ ማሽኑ እንዴት እንደሚሄድ ይግባህ ምክንያቱም የዋጋው ልዩነት እዚያ ላይ ነው ያለው። ይሄ ማሽን ጎማ የለውም። አንተም ሞተሩም ነዳጁም ውሃውም ሁሉም ክብደት ያረፈው በብሌዶቹ፣ ከስር ባሉት የብረት ክንፎች ላይ ነው። ሁለቱ ሮተሮች አንዱ በሰዓት አቅጣጫ አንዱ በተቃራኒው ይዞራሉ ስለዚህ መሪ ካልነካህ ባለህበት ትቆማለህ። የአንዱን ሮተር ጊርቦክስ ትንሽ ስታጋድለው በአንድ ጎን ያሉት ብሌዶች ወለሉን ጠበቅ አድርገው ይጫናሉ፣ በሌላው ጎን ያሉት ቀለል ይላሉ፣ የተጫነው ጎን እየቧጠጠ ማሽኑን ይጎትተዋል። ሁለቱንም ማንሻ ወደ ፊት ብትገፋ ወደ ፊት ትሄዳለህ፣ አንዱን ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ ካልክ በቦታህ ትሽከረከራለህ። መሪው በቃ ይሄው ነው፣ ማጋደል።

አሁን በማንሻ ከሆነ ያንን ጊርቦክስ የሚያጋድለው ያንተ ትከሻ ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ምንም አይመስልህም ትስቃለህ። 6ኛው ሰዓት ላይ ግን ወለሉ እየጠነከረ፣ የብሌዱ ጠርዝ ከፍ እያለ፣ አንተ እየደከምክ ትሄዳለህ፣ ያኔ ምን እንደምታደርግ ልንገርህ፣ ማንሻውን እስከ መጨረሻ ገፍተህ ትይዘዋለህ በቃ፣ ቀስ አድርጎ መመለስ ይሰለችሃል። ያ ነው ወለሉ ላይ ማዕበል የሚያመጣው። ሃይድሮሊክ ላይ ሞተሩ የሚያዞረው ፓምፕ አለ፣ ጆይስቲኩን ስትነካ ትንንሽ ሲሊንደሮች ናቸው የሚያጋድሉልህ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይም እጅህ እንደ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። እኔ የከፈልኩት ለፍጥነት አይደለም ለዚህ ነው።

ሌላ ልብ በል፣ ሁለት አይነት ሃይድሮሊክ አለ ሻጮች ያምታታሉ። አንዱ መሪው ብቻ ሃይድሮሊክ ሆኖ ሮተሩን የሚያዞረው በቀበቶና በጊርቦክስ ነው። ሌላው ሮተሩም ራሱ በሃይድሮሊክ ሞተር የሚዞር ነው፣ ቀበቶ የለም ክላች የለም፣ ግን ዘይቱም ሆዙም (የዘይት ቱቦው) ሙቀቱም ብዙ ነው። የትኛው እንደሆነ ጠይቅ።

ደግሞ ከሁሉ በፊት ሮተሮቹ ይደራረባሉ ወይ ብለህ ጠይቅ!! የሚደራረበው አይነት የአንዱ ብሌድ በሌላው መሃል እየገባ ነው የሚዞረው፣ መሃል ላይ መስመር አይተውም ጥሩ ነው፣ ግን ፓን የሚባለውን ክብ ሰሃን ከስር ልትገጥምበት አትችልም፣ ሁለቱ ሰሃን ይጋጫሉ። 6 ሺ ካሬ ሜዳ ከሆነ ያለ ፓን ደልዳላ ወለል አታወጣም።

ሊሾ_ልጅ
ዳላስ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ ይሄንን ማንም አልነገረኝም። አሁን ደወልኩ ባለማንሻው ተደራራቢ ነው። ሃይድሮሊኩ አይደራረብም ሰሃኖቹም አብረው አሉ ይላል ሻጩ። መሪው ብቻ ነው ሃይድሮሊክ፣ ቤንዚን ሞተር። ጋሼ እርስዎ ግን ልክ ነዎት መሃል ላይ ቢቆምስ የሚለው እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሆዝ_ፕሬስ
ሶማሌ ተራ አካባቢ ሃይድሮሊክ ነው የምሰራው፣ ሆዝ ፕሬስ፣ ሲል (ዘይት እንዳያመልጥ የሚዘጋው ጎማ)፣ ሲሊንደር። እነዚህ ማሽኖች ጥቂት መጥተውልኛል። ጋሼን ሳልንቅ ልናገር፣ የነዚህ መሪ ከሎደር ወይ ከኤክስካቫተር ጋር ሲወዳደር ህጻን ነው። ሲሊንደሮቹ ክንድ አያክሉም። ሆዙ ቀጭን ነው፣ በግማሽ ሰዓት እሰራልሃለሁ። ችግሩ ፓምፑ ወይ ጆይስቲኩ ስር ያለው ቫልቭ ከሆነ ነው፣ እሱ እዚህ አይገኝም ታስመጣለህ፣ የውጭ ምንዛሬ ነገር ደግሞ ታውቀዋለህ።

ልታየው ስትሄድ እንዲህ አድርግ። ቀድሞ አስነስተው አሙቀው እንዳይጠብቁህ፣ ሞተሩን በእጅህ ዳስሰው ቀዝቃዛ መሆን አለበት። አስነሳና አንድ 40 ደቂቃ አሰራው። ብዙው ያረጀ ፓምፕ ሲቀዘቅዝ አንበሳ ነው ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ነው የሚልፈሰፈሰው። ከሞቀ በኋላ ጆይስቲኩን ወደ አንድ ጎን ይዘህ ቆይ፣ ጊርቦክሱ እንዳጋደለ ይቆያል ወይስ እየሾለከ ይመለሳል? ከተመለሰ የሲሊንደሩ ሲል ወይ ቫልቩ ሄዷል። ዘይቱን በጣትህ አውጥተህ እየው፣ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፣ ከታጠበ በኋላ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በካርቶን ከስር ተኛና ሆዞቹን አንድ በአንድ እየዳሰስክ ሂድ፣ ላብ ላብ የሚለው ቦታ ላይ አቧራ ተጋግሮ ታገኛለህ። ሞተሩ ጠፍቶ መሆን አለበት ስትዳስስ፣ ጫና ያለው ዘይት በመርፌ ቀዳዳ ሲወጣ ቆዳ ይበሳል ቀልድ አይደለም።

እና ዋናው። የሚያንጠባጥብ ማሽን መንገድ ላይ ቢያንጠባጥብ ምን ችግር አለው፣ ያንተ ግን ትኩስ ኮንክሪት ላይ ነው የሚያንጠባጥበው። ዘይት የጠጣ ወለል ላይ በኋላ ቀለምም ኢፖክሲም አይዝም።

ጋሽ_ፍራታሶ
ይሄ ልጅ ስራውን ያውቃል። ዘይቱን ረስቼው ነበር እኔ፣ በበኩሌ ለዚህም ብዬ ነው ማንሻ ያልኩት ብላችሁ ጻፉልኝ 😄

ሳይት_ኢንጂነሯ
ሰላም ለሁላችሁ። አማካሪ ነኝ፣ ያ ፊቴን ካላየሁበት የሚለው ሰውዬ እኔ ልሆን እችላለሁ ሃሃ። ሁላችሁም ስለ ማሽኑ ታወራላችሁ፣ እኔ ግን ውድቅ ያደረግኳቸው ወለሎች አንዳቸውም በማሽን ማነስ አልነበረም። ችግሩ ሁሉ ማሽኑ ወለሉ ላይ መቼ እንደወጣ ነው።

ወንድሜ ሂሳብ ስራ። 6 ሺ ካሬ በ20 ሳንቲም 1,200 ሜትር ኪዩብ ነው። በቀን 600 ካሬ ብትሞላ 120 ኪዩብ፣ ባለ 8 ኪዩብ ሚክሰር መኪና ከሆነ 15 ቢያጆ። አንዱ መኪና የሚያለብስልህ 40 ካሬ ነው ማለት ነው። አሁን እነዚያ 15 መኪኖች መንገድ ላይ ተዘጋግተው ሶስቱ አንድ ላይ ሲመጡ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ምንም ሳይመጣ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት፣ ወለልህ ጥልፍልፍ ይሆናል። እዚህ ጋ ድንጋይ፣ ከአጠገቡ ሊጥ። ማሽንህ 2 ሜትር ከ40 ስፋት አለው፣ ሰውዬው ጨምሮ ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል፣ ሊጡ ላይ ከወጣ ያርሰዋል፣ ሊጡን ከጠበቀ ድንጋዩ ያመልጠዋል። ስለዚህ በእጅ የሚገፉትን እንዳትሸጣቸው፣ ጠርዝ፣ አምድ ዙሪያ፣ በር ስር የነሱ ነው፣ ቀድሞ የደረቀውን ቁራጭ የሚይዙልህም እነሱ ናቸው።

ደግሞ ሲሚንቶው ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ) ነው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት)? ፒፒሲ ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ የገላን ሌሊት ብርድ ሲጨመርበት የቀኑ 6 ሰዓት የሞላኸው ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት አያስወጣህ ይሆናል። ግን ፀሐዩና ንፋሱ ላዩን ብቻ ያደርቁልሃል። ይሄ ነው የሚያታልለው። ከላይ ቆዳ ይሰራል ከስር ገና እርጥብ ነው፣ የላዩን አይተህ ማሽን ታወጣለህ፣ ብሌዱ ፊቱን ይዘጋዋል፣ ከስር ሊወጣ የነበረው ውሃና አየር መውጫ ያጣል። ከወር በኋላ በመዶሻ እንጨት መታ መታ ስታደርገው እንደ ባዶ ጣሳ ይጮሃል፣ ፎርክሊፍት ሲወጣበት እንደ ቂጣ ይላጣል። 80 ካሬ እንደዛ አስፈንቅያለሁ፣ ኮንትራክተሩ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

ጋሽ_ፍራታሶ
ልጄ ኢንጂነር እጅ ነስቻለሁ። እኛ ይሄን በእግር ነው የምናውቀው። ቡትስህን አድርገህ ትቆማለህ፣ ዱካህ የጣት ውፍረት ከገባ ሂድ ሻይ ጠጣ። ትንሽ ብቻ ከታተመ በእጅ የሚገፋውን አውጣ። ዱካው ለአይን ያህል ብቻ ሲሆን ነው ተቀምጠህ የምትነዳው የሚወጣው። መዳፍህንም አስቀምጠህ አንሳ፣ ውሃ ይዞ ከመጣ አልደረሰም። ስልክ አይተህ ሰዓት ደረሰ ብለህ አትውጣ።

ሳይት_ኢንጂነሯ
ጋሼ አሜን። በቁጥር ለሚፈልግ ሰው፣ በእጅ ለሚገፋው እስከ 6 ሚሊ ዱካ ይፈቀዳል፣ ለተቀማጩ 3 ሚሊና ከዚያ በታች። የጋሼ ቡትስ ከመጽሐፉ ጋር አንድ ነው።

ዳላስ_ነኝ
ልክ ናት። እኔ የምጨምረው፣ መጀመሪያ ፓኑን ገጥመህ ሁለት ሶስት ዙር፣ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን በመስቀል የሚያቋርጥ፣ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን ግማሹን የሚደርብ። ፓኑ እብጠቱን ወደ ጎድጓዳው ይገፋል፣ መደልደሉ እዚያ ነው ያለቀው፣ ብሌድ አያደላድልም ብሌድ ያበራል እንጂ። ፓኑን ካወጣህ በኋላ ብሌዱን ጠፍጣፋ አድርገህ ጀምርና በየዙሩ አንድ ጠርዙን ትንሽ ትንሽ ከፍ፣ ፍጥነቱንም አብረህ። ቸኩለህ ወለሉ ገና ለስላሳ እያለ ጠርዙን ብዙ ከፍ ካደረግከው የማጠቢያ ቆርቆሮ የመሰለ ወለል ታገኛለህ። መጨረሻ ላይ ብረቱ ሲጮህ ትሰማለህ፣ ደወል የመሰለ ድምጽ ያወጣል፣ ያኔ እየደረስክ ነው። ከዚያ በላይ ካስጮህከው ግን ይጠቁራል፣ አንዳንዱ ደንበኛ ጥቁሩን ይወዳል ያንተ አማካሪ ምን እንደሚል እንጃ።

ታሪክ ለምትወዱ፣ መንትያ ሮተር ተቀምጦ የሚነዳው አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ ነው እየተለመደ የመጣው፣ የሃይድሮሊክ መሪው ፓተንት ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ። እኛ ጋ የምታዩት አብዛኛው ወይ የአርካንሳሱ አለን ነው ወይ ዋይትማን። ከዛ በፊት የነበሩት ሽማግሌዎች ሁሉ ትከሻቸውን ያማቸዋል፣ የኛ ፎርማን ዝናብ ሊመጣ ሲል በትከሻው ነው የሚያውቀው።

የበረሃው_ልጅ
ሻርጃ ነኝ። እዚህም ሄሊኮፕተር ነው የሚሉት አረቦቹም ህንዶቹም። በጋ ላይ ሙሌት ሌሊት ብቻ ነው። አንድ ነገር ማንም አላነሳም፣ ቤንዚን ሞተር ዝግ መጋዘን ውስጥ! ግድግዳው ተዘግቶ ጣሪያ ካለበት በሩን ሁሉ ክፈቱ ማራገቢያ አድርጉ። ከኛ አንዱ ልጅ ራሴን አመመኝ ብሎ ተቀምጦ ነው የተገኘው፣ እንቅልፍ መስሎን ነበር ጭሱ ነው። ተርፏል ተመስገን። ደግሞ መቀመጫው ስር ወይ እግርህ ስር ማጥፊያ ስዊች አለ፣ ስትነሳ ሞተሩ መጥፋት አለበት። ያገለገለ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ያቺ ስዊች በሽቦ ታስራ ነው የምትገኘው። ፈትተህ አሰራት።

ሊሾ_ልጅ
ከሁለት ወር በኋላ ተመለስኩ፣ ይቅርታ ስራ ላይ ነበርኩ። ሃይድሮሊኩን ገዛሁ።

ሆዝ ፕሬስ እንዳለኝ ቀዝቃዛውን ሞተር ዳስሼ 40 ደቂቃ አሰራሁት፣ ሻጩ ነዳጄን ጨረስክብኝ እያለ። የቀኙ ሲሊንደር እየሾለከ ይመለስ ነበር፣ ያንን አሳይቼው ዋጋ አስቀነስኩ፣ ሲሉን በኋላ ቀየርኩት። ስዊቿም እንደተባለው በሽቦ ታስራ ነበር ሃሃ።

የመጀመሪያው ቀን አሳፋሪ ነው ግን ልንገራችሁ። ጆይስቲኩ ቀላል ነው ብያችሁ ነበር አይደል፣ በጣም ቀላል ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። ትንሽ ስነካው ማሽኑ ዘሎ ሄደ፣ ደንግጬ ወደ ኋላ ሳብኩት፣ ወደ ኋላ መጣ፣ እንደዛ እየተወዛወዝኩ አንድ ሶስት ሜትር ሄድኩና አንድ አምድ ላይ በጥበቃ ቀለበቱ ተላተምኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ። ስለዚህ ቀጥታ ሙሌት ላይ እንዳትወጡ፣ እኔ አንድ የደረቀ አሮጌ ወለል ላይ ውሃ ደፍቼ ሁለት ቀን ተለማመድኩ። ሞተሩም እዚህ ከፍታ ላይ ሻጩ እንዳወራው ጉልበት የለውም፣ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ነው፣ በየ300 ሜትሩ 3 ከመቶ ይቀንሳል ካልን አንድ አምስተኛው በላይ ሄዷል። ካርቡሬተሩን አስተካከልነው፣ ፓን ገጥመህ ለስላሳው ላይ ሲያቃስት ትሰማዋለህ ግን ይሄዳል።

በቀን 500 ካሬ ነው የያዝነው፣ 12 ቀን። አራተኛው ቀን ላይ አንዲት ጠብታ አየሁ። ምሽት ነው፣ መብራቱ ከጎን ሲመታው ወለሉ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለች ክብ፣ የአንድ ብር ሳንቲም ታክላለች። ልቤ ቀጥ አለ። ማሽኑን ወዲያው ወደ ጠርዝ አወጣን፣ ዘይት የነካውን ከነስሩ በካዙላ ጭረን አነሳን፣ ከጀርባ ካስቀረነው ትኩስ ሞላን፣ ሃርደነሩን ደግመን በተንን፣ በእጅ ዘጋነው። ከየት እንደመጣ ስንፈልግ ፓምፑ መውጫ ላይ ያለች አንዲት ፊቲንግ (የሆዝ መገጣጠሚያ) በንዝረት ላልታ ነው። ማታውኑ በቁልፍ አጥብቀን ቀጠልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስራ ከመጀመሩ በፊት ከስር ካርቶን አንጥፈን ሩብ ሰዓት አስነስተን ካርቶኑን እናያለን።

አማካሪው ያቺን ቦታ እስከ ዛሬ አላገኛትም። እህቴ አንቺ ካልሆንሽ ማለቴ ነው።

ሳይት_ኢንጂነሯ
ገላን ነው ያልከው? የትኛው መጋዘን? 😄
የጆይንት መቁረጡን፣ ወለሉ በራሱ እንዳይሰነጠቅ የሚቆረጠውን መስመር፣ መች አደረጋችሁ?

ሊሾ_ልጅ
በማግስቱ ጠዋት፣ በየ5 ሜትሩ፣ 5 ሳንቲም ጥልቀት። አንድ ቀን ብቻ መቁረጫው ተበላሽቶ እስከ ከሰዓት ዘገየን፣ የዚያን ቀን ክፍል ብቻውን ራሱ መስመር አውጥቶ ጠበቀን፣ ኢፖክሲ ሞላንበት። ከዛ 7 ቀን ጆንያ አልብሰን ውሃ።

ጋሽ_ፍራታሶ
ባለፈው እሁድ ሄጄ አየሁት ልጁ ጋብዞኝ። ወለሉ ጥሩ ነው። አምዱ ስር ያለው ግን በእጅ የተሰራው ነው የሚያምረው፣ ማን እንደሰራው ጠይቄ ልጁን እጁን ጨበጥኩት። ማሽኑ ላይም አስቀመጡኝ። በዚህ እድሜዬ። አንድ ዙር ዞሬ ወረድኩ፣ ጣቴን ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት፣ ጉልበቴ ምንም አላለም። ማንሻ ይሻላል ያልኩት ግን አልተነሳም።

ዝምብሎ_አንባቢ
ጋሼ ፎቶ!

ሆዝ_ፕሬስ
ሊሾ ልጅ፣ ያቺን ፊቲንግ ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፣ ኦሪንጓን (ክብ የጎማ ማሸጊያዋን) ቀይራት፣ አምጣት የኔ ቤት ቅዳሜም ክፍት ነው። ብሌዱን የሚይዙትን እጆችስ ከስራ በኋላ ታጥባላችሁ ወይስ ሲሚንቶ ደርቆባቸዋል?

ሊሾ_ልጅ
...ሁለቱ ደርቀዋል። በመዶሻ እየሞከርን ነው።

ሆዝ_ፕሬስ
በመዶሻ አትንካው!!! አምጣው ሳትነካካው።